ሽለላ ለሚያውቅ ጆሮ፦ «ሞዓ አንበሳ»ን እንዴት እንደማዳምጠው

በደብረ ማርቆስ የምኖር መምህር ነኝ። የሮክ ሙዚቃ ወዳጅ መሆኔን የሚያውቁ ባልደረቦቼና ተማሪዎቼ «ይህን ጩኸት እንዴት ትችለዋለህ?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። ጊታሩ ያለ ልክ የሚጮኽበት፣ ከበሮው ዕረፍት የማይሰጥበት፣ ድምፃዊው ይዝፈን ይቆጣ የማይለይበት ሙዚቃ፣ ማሲንቆና ክራር እየሰማ ላደገ ሰው በመጀመሪያው ቀን ደስ ሊለው አይችልም። እኔ ግን ይህን ጥያቄ በቃል ከመመለስ ይልቅ አንድ አልበም ማስደመጥ የተሻለ መልስ ሆኖ ስላገኘሁት፣ አልበሙን እንዴት እንደማዳምጠውና ለሌሎችም እንዴት እንደማስደምጠው በዝርዝር ልጽፍ ወደድኩ። አልበሙ የሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ፣ ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 የሠሩት «ሞዓ አንበሳ» ነው።

የእኛን ዜማና የውጭ አገር መሣሪያን እናዋህዳለን ብለው የተነሱ ሥራዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ዜማውን ለፈረንጅ ጆሮ እንዲስማማ ያለሰልሱታል፤ ሲጨርሱት ዜማውም የእኛ መሆኑ ይቀራል፣ ሮኩም ሮክ መሆኑ ይቀራል። «ሞዓ አንበሳ» ላይ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። በሠርግ ቤት የምናውቀው የአውራጅና የተቀባይ ሥርዓት ነው የሚሰማኝ፤ ሽማግሌው ጌታቸው ያወርዳሉ፣ ባንዱ ይቀበላል። ይህን የያዘ አድማጭ የቀረውን ራሱ ያገኘዋል ብዬ አምናለሁ።

ጌታቸው መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ1935 በይፋት ተወለዱ። በክራርና በማሲንቆ ጀምረው ወደ ክላርኔትና ወደ ሳክስፎን ተሻገሩ። እ.ኤ.አ. በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ሥራ ጀመሩ፤ ቀጥሎም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ አገልግለዋል። ስማቸውን ያስጠራው ግን ለዘፋኞች ማጀባቸው ሳይሆን፣ በአፍ የሚወጣውን ሽለላ ወደ ሳክስፎን ማምጣታቸው ነው። የአንበሳ ጎፈር ደፍተው መድረክ ላይ ሲወጡና ሲነፉ፣ ታዳሚው ፊት የቆመው ሙዚቀኛ ብቻ ሳይሆን ፎካሪም ነበር። የቀድሞ የሸክላ ሥራቸው በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በሚታተመው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ውስጥ 14ኛ ቅጽ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2003 እንደገና ሲወጣ፣ የውጭ አገር ሰዎች አነፋፋቸውን ከአሜሪካዎቹ የፍሪ ጃዝ (ከተለመደው ሥርዓት የወጣ ነፃ ጃዝ) ሰዎች ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋር አነጻጸሩት። ንጽጽሩ ክብር ነው፤ ቢሆንም ሰውየው ይህን ስልት ያገኙት ከአሜሪካ ሸክላ ሳይሆን ከአገራቸው ፎካሪ አፍ እንደሆነ እዚህ ጎጃም ያለ ማንኛውም ሰው አንድ ጊዜ ሰምቶ ይመሰክራል።

ዘ ኤክስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን፣ መሥራቾቹ በሆላንድ ባዶ ሕንፃዎችን ይዘው ከሚኖሩት ወጣቶች እንቅስቃሴ ጋር የተሳሰሩ የፓንክ፣ ማለትም የሻካራና የፈጣን ሮክ፣ ልጆች ነበሩ። ኢንዲ የሚባሉት ባንዶች መለያ ከትልልቅ ኩባንያዎች ጥገኝነት ውጭ መሆናቸው ነው፤ ዘ ኤክስም ሥራቸውን ራሳቸው ያሳትማሉ፣ ጉዟቸውንም ራሳቸው ያዘጋጃሉ። «ሞዓ አንበሳ»ን ያሳተመው ቴርፕ የተባለው ድርጅት የጊታር ተጫዋቹ የቴሪ ሄሰልስ ነው። ይህ የአሠራር ጉዳይ ከሙዚቃው የራቀ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን የአልበሙ ባሕርይ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። «ዘፈኑን አሳጥሩት፣ ጊታሩን ቀንሱት፣ ሳክስፎኑን አለስልሱት» የሚል አለቃ በመካከላቸው አልነበረም።

እንዴት እንደተገናኙም ማወቅ ይጠቅማል። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ሙዚቃውን አቅርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ደግሞ ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዛቸው። እርሳቸውም የባንዱን ጨዋታ ከሰሙ በኋላ አዲስ አልበም አብረዋቸው እንዲሠሩ ጠየቁ። ልብ በሉ፤ ጠያቂው እርሳቸው ናቸው። አልበሙ ሲሠራ ዕድሜያቸው 71 ነበር። በዚያ ዕድሜ ላይ ያለ ስመ ጥር ሰው የሚያሞካሽ የጃዝ ቡድን መምረጥ ሲችል ይህን የሚያንጎደጉድ ባንድ መምረጡ፣ ከእኛ ይልቅ እርሳቸው ሽለላ ምን ዓይነት አጀብ እንደሚፈልግ ያውቁ እንደነበር ያሳያል።

አሁን ወደ ድምፁ ልግባ። በእኛ አካባቢ ቀረርቶ፣ ሽለላና ፉከራ አብረው ቢሄዱም አንድ አይደሉም። ቀረርቶው በረጅሙ የሚሳብ፣ በተወሰነ ምት ያልታሰረ ዜማ ነው፤ አቅራሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይዞ ያንቀጠቅጠዋል፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ አይለቀውም። ፉከራው ደግሞ ወደ ንግግር የቀረበ ነው፤ «ዘራፍ!» ብሎ የተነሳ ሰው ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ፣ አጫጭር ስንኞችን በአንድ ትንፋሽ እያከታተለ ይወረውራል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆሞ አየር ይስባል፣ እንደገና ይጀምራል። የጌታቸውን ሳክስፎን የምታዳምጡ ሰዎች እነዚህን ሁለቱን ፈልጉ። መጀመሪያ ረጅሙ፣ የሚንቀጠቀጠው ድምፅ ይመጣል፤ ያ ቀረርቶው ነው። ቀጥሎ ድምፆቹ ተቆራርጠው፣ ተጣድፈው፣ አንዱ በሌላው ላይ እየወጣ ይዘንባሉ፤ ያ ፉከራው ነው። በመካከል ያለው ፀጥታም የሙዚቃ ዕረፍት ብቻ አይደለም፣ የፎካሪው ትንፋሽ ነው። በጥሩ ማዳመጫ ከተሰማ የሳክስፎኑ አፍ ሸንበቆ በከንፈራቸው መካከል ሲንጫጫ ሁሉ ይሰማል፤ ይህን የመሰለ ሻካራ ድምፅ ሌላ ሙዚቀኛ ቢሆን ኖሮ እንዲጠራ ይደረግ ነበር፣ እርሳቸው ግን ሆን ብለው ያቆዩታል።

ከዚህ ድምፅ በታች ባንዱ ምን ያደርጋል? ብዙዎች በመጀመሪያ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ቴሪ ሄሰልስና አንዲ ሙር ጊታራቸውን ዜማ ለማውጣት እምብዛም አይጠቀሙበትም፤ አንድ አጭር ሐረግ ይይዙና ያንኑ እየደጋገሙ፣ እየቧጨሩ፣ ክሩን እንደ ከበሮ እየመቱ ይቀጥላሉ። ካተሪና ቦርነፌልድ ከሲምባል ይልቅ በከበሮዎቿ ቆዳ ላይ ታተኩራለች፤ አመታቷ የሚያስጨፍር ነው፣ ግን ጌጥ አያበዛም። በእነዚህ ላይ የዛቪዬ ሻርል ክላርኔት፣ የብሮዲ ዌስት አልቶ ሳክስፎንና የዮስት ባውስ ትሮምቦን ይጨመራሉ። በጊዜው የባንዱ ድምፃዊ የነበረው ጂ. ደብሊው. ሶክም ቢሆን በተፈጥሮው ከመዝፈን ይልቅ ወደ መናገርና ወደ መጣራት የሚያደላ ሰው ነው፤ ፓንክና ፉከራ በዚህ በኩል ዘመድ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነገሩን ከማንም በላይ ያብራሩልኝ በቡሬ አካባቢ በገጠር የሚኖሩት የእናቴ ወንድም ናቸው። በወጣትነታቸው ሠርግ ላይ «እባክህ ፎክር» ተብለው የሚለመኑ ሰው ነበሩ፤ አሁን ጉልበታቸው ቢደክምም ጨዋታውን ያውቁታል። ጥር ላይ ለዘመድ ሠርግ በሄድኩ ጊዜ፣ እንግዳው ተበትኖ እኛ ጠላችንን ይዘን በቀረንበት ማታ፣ ብሉቱዝ ስፒከር ከስልኬ ጋር አገናኝቼ «ቼ በለው ሽለላ» የሚለውን ከፈትኩላቸው። ስለ ሰውየውም ሆነ ስለ ባንዱ አስቀድሜ ምንም አልተናገርኩም።

ሳክስፎኑን ሲሰሙ ጣሳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና ወደ ስፒከሩ ዘንበል አሉ።

«ማነው ይሄ?» አሉኝ። ስማቸውን ነገርኳቸው።

«የየት አገር ሰው ነው?»

«የይፋት ሰው ናቸው ጋሼ። አሁን በሕይወት የሉም።»

«ነፍሱን ይማረው። ቃል ሳይናገር ፎከረ እኮ!»

ጊታሮቹ ሲያይሉ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «እነዚህ ደግሞ ምን ሆነው ነው? ወፍጮ ቤት ገብተው ነው እንዴ የቀዱት?» ሲሉ በቤቱ ያለው ሁሉ ሳቀ። ልዘጋው እጄን ብሰድ «ተው፣ ተወው» ብለው ከለከሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ በከዘራቸው መሬቱን ቀስ እያሉ ይመቱ ጀመር። «አየህ፣ ሰው ሲፎክር ከኋላው የቆመው ዝም ካለ ፎካሪው ይበርዳል። በለው የሚል፣ ያዝ የሚል፣ መሬቱን የሚረግጥ ሰው ያስፈልገዋል። እነዚህ ሰዎች ቋንቋውን ባይሰሙትም ይህን አውቀዋል» አሉኝ። ወዲያው ደግሞ «ታዲያ ይሄን የሚያህል ሰው ጎጃም ሳይወለድ ቀረ?» ብለው በይፋት ላይ ያላቸውን ቅሬታ ገለጹ።

ከዚያ ማታ ወዲህ አልበሙን ለማንም ሳስደምጥ የምሰጠው መመሪያ የእርሳቸው ነው። ጊታሮቹን እንደ ጊታር አታዳምጧቸው፤ ከፎካሪው ኋላ እንደቆመው ሕዝብ አዳምጧቸው። ሕዝቡ ዜማ አያወጣም፣ ሙሾ አያወርድም፣ ከፎካሪው ጋርም አይሽቀዳደምም፤ ሥራው ማጋል ነው። በዚህ ጆሮ ሲሰማ ድግግሞሹ አሰልቺ መሆኑ ይቀርና አስፈላጊ ይሆናል፤ የጊታሩ ጩኸትም ዜማውን የሚያውክ ሳይሆን ሳክስፎኑን ወደ ፊት የሚገፋ ሆኖ ይገኛል።

ስለ ቅደም ተከተሉ ደግሞ የራሴ አቋም አለኝ። አልበሙን ያገኘ የእኛ አገር ሰው ብዙውን ጊዜ እጁ ቀድሞ የሚሄደው ወደ «ትዝታ» ነው፤ እኔ ግን «ትዝታ»ን ለመጨረሻ አቆዩት እላለሁ። እያንዳንዳችን በልባችን ያስቀመጥነው የየራሳችን ትዝታ አለን፤ የአንዳችን በማሲንቆ ነው፣ የሌላችን በክራር፣ የሌላችን በእናት እንጉርጉሮ። በዚያ የጀመረ ሰው ማዳመጡን ትቶ ማወዳደር ይጀምራል፣ ማወዳደር ከጀመረ ደግሞ የሆላንዶቹ ጊታር መሸነፉ አይቀርም። ከዚህ ይልቅ መጀመሪያ ትንሽ እውነተኛ ቀረርቶና ፉከራ በሰው ድምፅ ይስሙ፤ ጎጃም ውስጥ ይህን ማግኘት አይቸግርም፣ በቀጥታም ባይሆን በቀረጻ አለ። ቀጥሎ ከ«ኢትዮፒክስ» 14ኛ ቅጽ አንድ ሽለላ ይስሙ፤ እዚያ ላይ አጃቢው ለስለስ ያለ ስለሆነ የሳክስፎኑ አነጋገር ጎልቶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ወደ «ሞዓ አንበሳ» ሲመጡ በቀጥታ «ቼ በለው ሽለላ»ን ይክፈቱ።

የዚህ ርዕስ ጉልበት ለእኛ ማስረዳት አያስፈልገውም። «ቼ» ብሎ ፈረስ የነዳ ሰው ወይም በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ያየ ሰው፣ ፈረሱ ከመፈትለኩ በፊት ያለችውን ያችን ቅጽበት ያውቃታል። በዚህ ሥራ ውስጥ ሳክስፎኑና ባንዱ ደጋግመው የሚገቡት በዚያች ቅጽበት ውስጥ ነው፤ ሁሉም ነገር ሊፈነዳ ይደርሳል፣ ይያዛል፣ እንደገና ይደርሳል። ሮክ የሚሰማ ሰው ምን ፍለጋ እንደሚሰማ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ መልሴ ይህ ነው።

ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመልሰው «ኢትዮጵያ ሀገሬ»ንና «ስትሄድ ስከተላት»ን በተርታ ይስሙ። «ሙዚቃዊ ስልት» ላይ ሲደርሱ ደግሞ ጥሩ የማነጻጸሪያ ዕድል ይገኛል። ዜማው የግርማ በየነ ነው፤ ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው አልበሙ ላይ ተጫውቶታል፣ የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ያለበትን ያንን ቅጂ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሁለቱን ተራ በተራ ማዳመጥ የአንድ ሰዓት የሙዚቃ ትምህርት ያህላል። የዋልያሱ ተጫዋቾች ዜማውን በእርጋታ ተቀባብለው ያስተናግዱታል፤ ዘ ኤክስ ግን ያንኑ ዜማ ይዘው ይሮጣሉ፣ ጠርዙን ሸካራ ያደርጉታል። የትኛው እንደሚሻል አልፈርድም፤ እንደ ሰዓቱ ነው። ሌሊት የተማሪ ወረቀት ሳርም የዋልያሱን እመርጣለሁ፤ ጠዋት ለመንቃት ግን ይህን የሚያህል የለም።

አልበሙ ላይ የማይጥመኝ ነገርም አለ። በአንዳንድ ቦታ ንፋስ መሣሪያዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲነሱ የጌታቸው ድምፅ ከመካከላቸው ተፈልጎ የሚገኝ ይሆናል፤ ፎካሪን ማጋል ሌላ ነው፣ ከእርሱ ጋር መፎከር ሌላ ነው። ደግሞም በአንድ ተቀምጦ ከዳር እስከ ዳር ለጀማሪ ይከብዳል። ለሁለት ከፍለው፣ በተለያየ ቀን እንዲሰሙት እመክራለሁ።

ጊታር ለሚማሩ ወጣቶች ይህ አልበም ከመዝናኛነት ያለፈ ጥቅም አለው፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘግይበት። በከተማችን ጊታር ይዘው የአገራቸውን ዜማ በሮክ ለመጫወት የሚሞክሩ ተማሪዎች አሉ፤ ሙከራቸውም ብዙ ጊዜ ለምን «የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር» ወይም «የፈረንጅ ዘፈን» እንደሚመስልባቸው ግራ ይገባቸዋል። ምክንያቱ እጅ ላይ አይደለም፣ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች ስብስብ) ላይ ነው። ከቅኝቶቻችን አንዱ የሆነውን ትዝታ ሜጀርን ከዶ ብናስነሳው ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ናቸው። ጊታር የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚማራቸውን ሦስት ኮርዶች፣ ማለትም የዶን፣ የፋንና የሶልን ሜጀር ኮርዶች፣ ከዚህ በታች ቢያስቀምጥ፣ የፋ ኮርድ ፋን ይዞ ይመጣል፣ የሶል ኮርድ ሲን ይዞ ይመጣል። ፋም ሆነ ሲ በቅኝቱ ውስጥ የሉም። ሁለት እንግዳ ድምፆች በየአራት ምቱ እየገቡ ዜማውን ወደ ሌላ አገር ይጎትቱታል፤ ዘፋኙ የቱንም ያህል ቢያንቆረቁረው ቅኝቱ ይፈርሳል።

ዘ ኤክስ ይህን ችግር በዕውቀትም ሆነ በልማድ አልፈውታል፤ ከመጀመሪያውም በኮርድ ቅብብል የሚጫወቱ ሰዎች አልነበሩምና። ጊታራቸው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ይዞ በምት ላይ ይቆማል፣ ቅኝቱን ለአውራጁ ይለቃል። የሚሞክረው ወጣት ይህን ያድርግ፤ ኮርዱን ይተወው፣ ከቅኝቱ ድምፆች አንዱን ይምረጥ፣ በቀኝ መዳፉ ጠርዝ ክሩን አፈን አድርጎ ይዞ ያንኑ አንድ ድምፅ ከከበሮው ጋር ይምታ። ዜማ ማውጣት ያማረው ጊዜም ዘፋኙ ትንፋሽ የሚወስድበትን ክፍተት ይጠብቅ እንጂ ከላዩ ላይ አይውጣ። ተማሪዎቼ ይህን ሲሞክሩ ሰምቻለሁ፤ ወዲያው ጎበዝ ጊታሪስት አልሆኑም፣ ዘፈናቸው ግን ትዝታ መምሰሉን አገኘ። ስልቱ ለሌሎቹ ቅኝቶች፣ ለባቲም ለአንቺ ሆዬም ያገለግላል፤ እንዲያውም አንቺ ሆዬ ላይ ከተራው ኮርድ መራቅ ከትዝታም ይልቅ ግድ ይላል።

ስለ ማዳመጫ ዕቃ ጥቂት ልበል። ይህን አልበም በስልኩ በራሱ ድምፅ ማጉያ የሰማ ሰው አልሰማውም። የካተሪና ትልቁ ከበሮና የጊታሮቹ ወፍራም ድምፅ ሙሉ በሙሉ ይጠፋና የቀረው ቀጭኑ ጩኸት ብቻ ይሆናል፤ «ጩኸት ነው» የሚለው ፍርድም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፤ መካከለኛ የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል፣ በእርሱም ሁለቱን ጊታሮች ለያይቶ መስማት ይቀላል። ፋይሉም ይታይ። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የቆየ፣ በ96 ኪሎቢት የተጨመቀ ቅጂ ለአንድ ሰው ድምፅና ለአንድ ክራር ሊበቃ ይችላል፤ የዚህ ዓይነት ጊታርና ሲምባል ግን ወደ አሸዋ ሹክሹክታ ይለወጥበታል። 320 ኪሎቢት ያለውን ወይም ሲዲውን ያግኙ። ከአገር ውስጥ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለአብዛኛው ሰው ስለማይቻል እኔ ያገኘሁት ውጭ አገር በሚኖር ዘመድ ገዢነት ነው፤ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው አሳታሚ ስለሆኑ ገንዘቡ ለእነርሱ ይደርሳል። ካገኙ በኋላም በሚሞሪ ካርድ ላይ ይጫኑት። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ ሙዚቃውን ሁሉ በኢንተርኔት ብቻ ይሰማ የነበረ ሰው ባዶ እጁን ቀርቷል፤ ካርድ ላይ የጫነ ግን ማዳመጡን አላቋረጠም።

አብሮ ማዳመጥ ከተቻለ ደግሞ ከብቻ ማዳመጥ ይሻላል፤ በተለይም ፉከራ ከሚያውቅ ሽማግሌ ጋር። እነርሱ የሚሰሙትን እኛ አንሰማም። ማስጠንቀቂያዬ አንድ ብቻ ነው፦ አስቀድመው «ይህ ሮክ ነው፣ ይህ ፓንክ ነው» ብለው አያስረዷቸው። ሳክስፎኑን ብቻ ይክፈቱላቸውና ጥያቄው ከእነርሱ ይምጣ። ለቅሶ ባለበት ሰሞንና በጾም ወቅት መክፈት ግን ተገቢ አይደለም፤ ይህን ለአገሬ ሰው መንገር ባያስፈልግም ለወጣቶቹ ብዬ ነው።

ጌታቸው መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ዐረፉ። ከዚህ አልበም በኋላ ከዚሁ ባንድና ከወዳጆቻቸው ጋር «የአንበሳው ትዝታ» የተሰኘ ሌላ አልበም እ.ኤ.አ. በ2012 አውጥተዋል። በዕድሜ ለገፋ ወይም ጩኸት ፈጽሞ ለማይወድ ሰው ከ«ሞዓ አንበሳ» ይልቅ በዚያ መጀመር ይሻላል እላለሁ፤ በእኔ ጆሮ ከመጀመሪያው ይልቅ ረጋ ያለ ነው። በተቃራኒው ጊታሩ የጣመው ሰው ወደ ባንዱ የራሱ ሥራዎች ይለፍ። ለእርሱ የምመርጥለት እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን «ተርን» የተባለ አልበም ነው፤ ከሽማግሌው ጋር አልበም ከመሥራታቸው በፊት የተቀዳ ቢሆንም «ጌታቸው» የሚል ርዕስ ያለው አንድ ሥራ በውስጡ አለ። መጀመሪያ እርሱን ይስማ፤ ከዚያ የኢትዮጵያ ዜማ ወደሌለባቸው የቀሩት ሥራዎች ይሂድ። ድርብ አልበም ስለሆነ አንዱን ዲስክ ዛሬ፣ ሌላውን ሌላ ቀን ቢያደርገው ይሻለዋል።